የአዳራሹ ጉጉት

ባለፈው ቅዳሜ ጎፋ አንድ ወፍጮ ቤት ጤፍ ላስፈጭ ገብቼ፣ ጥግ ላይ ከተከመረው ጆንያ የመጣ ሽታ ቀጥ አድርጎ አቆመኝ። የቃጫ፣ የአቧራና የአይጥ ሽታ ነው። ሌላው ሰው አፍንጫውን የሚይዝበት ሽታ እኔን ፈገግ አሰኘኝ። ከኋላዬ ወረፋ የያዘችው ሴት «ጋሼ፣ ተራዎ እኮ ደርሷል» እስክትለኝ ድረስ እዚያ አልነበርኩም።

የነበርኩት ነፋስ ስልክ ነው። ዘመኑ ደርግ፣ እኔ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ፤ ከቀበሌያችን አዳራሽ ጀርባ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሰማይ ሰማይ አያለሁ።

ትምህርት ቤታችን ውስጥ የዱር እንስሳት ጥበቃ ክበብ ነበረን። ስሙ ትልቅ ነበር፤ አባላቱ ግን አንድ የክፍል ጥግ እንኳ አንሞላም። እኔ ጸሐፊ ነበርኩ፤ የተመረጥኩትም ጽሕፈቴ ስለሚነበብ ብቻ ነው። ሰብሳቢያችን ላፍቶ ከሚያርሱ ቤተሰቦች የመጣች፣ ቀጭን፣ ንግግሯ ቁጥብ የሆነ ልጅ ነበረች። ጠዋት በእግሯ ስትመጣ ጫማዋ ላይ የእርሻ ጭቃ አይጠፋም። እኛ በመጽሐፍ የምናውቀውን ወፍ እሷ ሳታየው በድምፁ ትለየዋለች። ከእሷ በፊት የክበቡ ሥራ የአንበሳና የዋልያ ሥዕል ግድግዳ ላይ መለጠፍ ነበር። በተመረጠች ቀን ሥዕሎቹን ዞር ብላ አየቻቸውና «ዋልያ ነፋስ ስልክ የለም። እዚህ ያለውን እንጠብቅ» አለችን።

እዚህ ያለው ምን እንደሆነ ያሳየችን እሷው ናት። አንድ የጥቅምት አመሻሽ ላይ ወደ ቀበሌው አዳራሽ ጀርባ ይዛን ሄደች። አዳራሹ በጣሊያን ጊዜ መጋዘን የነበረ፣ ጣሪያው ከፍ ያለ ቤት ነው፤ በአንድ ጎኑ የሸማቾች ሱቁ እህል ማከማቻ ተለጥፎበታል። ከጣሪያው ሥር አንዲት የአየር ማስገቢያ ቀዳዳ አለች። ፀሐይዋ ገብታ ሰማዩ ገና ቀላ እንዳለ፣ ከቀዳዳዋ አንዲት ነጭ ነገር ወጥታ በራሳችን ላይ አለፈች። ምንም ድምፅ አልነበራትም። ጨርቅ ከገመድ ላይ ሲወድቅ እንኳ ትንሽ ይሰማል፤ እሷ ግን ምንም። ፊቷ ክብና ነጭ፣ ዓይኖቿ ጥቁር ነበሩ።

«ጉጉት ናት» አለች ሰብሳቢያችን፣ በሹክሹክታ። ከመሃላችን ሁለቱ አማተቡ። ከክበቡ ሁሉ ረጅም የሆነው ጓደኛችን ግን በአጥሩ በኩል ማከማቻው ጣሪያ ላይ ወጥቶ በቀዳዳዋ አጮለቀና እየሳቀ ወረደ። «ሦስት ጫጩቶች አሉ። የተቆጡ ሽማግሌዎች ይመስላሉ» አለን።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ከዕድሜዬ ሁሉ ደስ የሚሉኝ ናቸው። በየምሽቱ፣ ሰዓት እላፊው ሳይደርስ ሁላችንም ቤት ለመግባት እየተሳቀቅን፣ ድንጋዮቹ ላይ ተደርድረን እንቀመጣለን። ሰብሳቢያችን ከቤቷ የያዘችውን የገብስ ቆሎ ታዳርሰናለች። ጉጉቷ አይጥ ይዛ ስትመለስ እኔ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ፤ ውስጥ ጫጩቶቹ እንደ ሰው ያንኮራፋሉ፤ እኛ አፋችንን በእጃችን ይዘን እንስቃለን። ከግድግዳው ሥር የምትተፋቸውን የፀጉር ድብልብሎች ሰብስበን ለባዮሎጂ መምህራችን ወሰድንለት። እሱ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፎ፣ በመርፌ እየፈታ፣ ከውስጡ የአይጦችን የራስ ቅል ሲያወጣልን ዓይኑ እንደ ልጅ በራ። ቅሎቹን ካርቶን ላይ ለጥፈን ከሥራቸው «የጉጉቷ ራት» ብለን ጻፍን።

ነገሩ የተበላሸው የአዳራሹ ጥበቃ ባመጣልን ወሬ ነው። በስብሰባ መሃል ከጣሪያው የሚመጣው ድምፅ ሴቶቹን እያስፈራ ነበር፤ ስለዚህ የቀበሌው ሊቀመንበር ሰኞ ጠዋት በርበሬ አጭሶ ጉጉቷንና ጫጩቶቿን እንዲገድል አዝዞታል። ሊቀመንበሩ ካኪ የሚለብስ፣ ሽጉጥ የሚታጠቅ፣ መንገድ ላይ ሲመጣ ሰው ወሬውን የሚያቋርጥለት ሰው ነው። መምህራችን ጋ ሮጥን። እሱ ግን በሩን ዘጋና፣ ቀደም ሲል አንድ ጊዜ ታስሮ እንደወጣ፣ በስብሰባ ላይ አፉን ቢከፍት ለእኛም ለእሱም እንደማይበጅ ነገረን። ሲያወራ እጁ ጠመኔ ይፈረፍር ነበር። ከዚያ ካርቶኑን አንስቶ ለሰብሳቢያችን ሰጣት።

እሑድ አዳራሹ ግጥም ብሎ ሞላ። ከመፈክሩና ከረጅሙ ንግግር በኋላ ሊቀመንበሩ ወረቀቱን እያጠፈ ጣሪያው ውስጥ አንዲት ወፍ እንደገባች፣ ነገ እንደምትጸዳ ተናገረና «ጥያቄ ያለው?» አለ። እንዲህ ሲባል ጥያቄ ያለው ሰው አይኖርም ነበር። ከጎኔ ሰብሳቢያችን እጇን አወጣች። ዛሬም ያሳፍረኛል፤ እኔ ቀሚሷን ይዤ ወደ ታች ጎተትኳት። እሷ ግን ተነሳች።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ወፏ ጉጉት ናት። ምን አጥፍታ ነው የምትገደለው?»

«ሕዝቡ ገደቢስ ናት ይላል» አለ፣ ፊቱን አጥቁሮ።

«እርስዎ ባለፈው ሳምንት ገድና ሟርት የኋላ ቀር እምነት ነው ብለው አስተምረውናል። እኔም አምኜ ቤት ስገባ ለእናቴ አስተምሬያታለሁ። አሁን ምን ልበላት?»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነው። ወዲያው ጫጩቶቹ ከላይ ማንኮራፋት ጀመሩ። ሰብሳቢያችን ካርቶኑን ከፍ አድርጋ፣ እነዚህ ሁሉ አይጦች የተበሉት ከሕዝቡ እህል ማከማቻ አጠገብ መሆኑን ቀስ ብላ አስረዳች።

ያን ጊዜ የሸማቾች ሱቁ ሠራተኛ፣ ቀበሌው ሁሉ በኃይለኝነቷ የሚያውቃት ሴትዮ፣ ሳይፈቀድላት ተነሳች። «እኔ ጉጉት አልወድም፤ ስሟንም አልጠራም። ግን ዘንድሮ አይጥ የቀደደው ጆንያ አልሰፋሁም» ብላ ተቀመጠች።

ሊቀመንበሩ ግንባሩን በመሐረብ ጠረገ። ሕዝቡን አየ፣ ጣሪያውን አየ። በመጨረሻ ጉዳዩ በኮሚቴ ይጠና አለ፤ ሰዉም እንደ ልማዱ አጨበጨበ። በዚያ ዘመን ለኮሚቴ የተሰጠ ነገር ወራት እንደሚፈጅ ሕፃን ልጅ ያውቃል። ጫጩቶቹ የሚፈልጉት ደግሞ ሦስት ሳምንት ብቻ ነበር።

ስንወጣ መምህራችን በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። የሰብሳቢያችንን እጅ በሁለት እጁ ጨበጠና ሄደ። እኛ ረጅሙን ጓደኛችንን ሊቀመንበር አድርገን፣ ግንባሩን በመሐረብ እያስጠረግን፣ እሷን እስከ ላፍቶ በሳቅ ሸኘናት።

በማግሥቱ ግን ጥበቃው ሌላ ነገር ነገረን። የሊቀመንበሩ ሚስት ነፍሰ ጡር ናት፤ ወሯም ገብቷል። ከዚህ በፊት ሁለት ልጆች ሲወለዱ ሞተውባቸዋል። ጉጉቷ ደግሞ ማታ ማታ የምትቀመጠው የእነሱ ቤት ጣሪያ ላይ ነው። የሰብሳቢያችን ሳቅ ፊቷ ላይ ደረቀ። «ይኼን ባውቅ ሰው ፊት እንደዚያ አልናገረውም ነበር» አለች።

ጫጩቶቹ መብረር በጀመሩበት ሳምንት አንድ ምሽት ከኋላችን ኮቴ ሰማን። ሊቀመንበሩ ነው፤ ብቻውን፣ ሽጉጡን ሳይታጠቅ። ሁላችንም ተነሳን። በእጁ ተቀመጡ አለንና አብሮን ቆመ። የመጨረሻዋ ጫጩት ቀዳዳዋ ላይ ብዙ ጊዜ ወዲያና ወዲህ ስትል ቆይታ፣ ድንገት ራሷን ለቀቀች፤ ወደ መሬት ከወረደች በኋላ ክንፏ ያዘላትና አጠገቡ ያለ ባሕር ዛፍ ላይ ተንጠለጠለች። ረጅሙ ጓደኛችን አጨበጨበ። ሊቀመንበሩ ሳያስበው ፈገግ አለ። ከዚያ እኛን ሳያይ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣

«እውነት ምንም አታደርግም?» አለ።

«ምንም አታደርግም፣ ጋሼ» አለችው ሰብሳቢያችን። ጓድ አላለችውም።

የገና በዓል ሳይደርስ ሚስቱ በሰላም ሴት ልጅ ተገላገለች። ሰብሳቢያችን ከላፍቶ በጭድ የታሸገ እንቁላል ይዛ መጣችና አብሬያት ካልሄድኩ እንደማትገባ ነገረችኝ። ሊቀመንበሩ ራሱ በሩን ከፈተልን። እንቁላሉን ተቀብሎ፣ ሌላ የሚሰጠን ነገር የጠፋው ይመስል ዙሪያውን ተመለከተና፣ ሕፃኗን ከእናቷ ጎን አንስቶ ሰብሳቢያችን ክንድ ላይ አኖራት።

ማትሪክ ከተፈተንን በኋላ እሷ ለመምህርነት ሥልጠና ወደ ደቡብ ሄደች። ሁለት ደብዳቤ ጻፈችልኝ፤ ሁለቱም ስለ ወፎች ናቸው። ለሁለተኛው መልስ ልሰጥ ብዬ፣ ልነግራት የምፈልገውን ነገር እንዴት እንደምጽፈው ሳስብ ወራት አለፉ፤ ከዚያ አድራሻዋ ተለወጠ። ጽሕፈቴ የሚነበብ ጸሐፊ ነበርኩ፤ ያንን ግን ሳልጽፈው ቀረሁ።

ሳስታውሳት በስብሰባው ላይ ቆማ አይደለም የማያት። በሊቀመንበሩ ጠባብ ቤት መሃል፣ ሕፃኗን እንዳትቀሰቅስ ትንፋሿን ይዛ፣ በሩ ላይ የቆምኩትን እኔን በዓይኗ ብቻ «ና፣ እያት» ስትለኝ ነው።