ወደ ግራ ብቻ የሚዞር አውድማ

ፈንታውን ያለ ሞተር አይቼው ስለማላውቅ፣ በሁለት ሺህ አሥራ አራት ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ መርሳ ገበያ በእግሩ ሲመጣ መጀመሪያ አላወቅሁትም። ዘጠኝ ዓመት በሐብሩ ወረዳ ቀበሌዎች የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሆኖ ሲዞር፣ ከብት የታመመበት ገበሬ ከሰውየው በፊት የሚሰማው የሞተሩን ድምፅ ነበር።

ጦርነቱ መርሳ ሲገባ የመሥሪያ ቤቱን ሞተር ከወንድሙ ጓሮ በጤፍ ጭድ ሥር ደበቀው። በሦስተኛው ቀን የታጠቁ ሰዎች አገኙት። ቁልፉ ግን ፈንታው ኪስ ውስጥ ቀረ።

«ያለ ቁልፍ አስነስተውት ሄዱ» ይለኛል፤ ከመወሰዱ ይልቅ ይኸኛው የቆጨው ይመስላል።

በዚያ ሚያዝያ ለወረዳው አንድ አዲስ ሞተር ተፈቀደ። የሚረከበው ሰው ወልድያ ላይ የሚሰጠውን የአንድ ቀን የአነዳድ ሥልጠና ማለፍ አለበት፤ ካላለፈ ሞተሩ ወደ ሌላ ወረዳ ይሄዳል። ፈንታው ሊመዘገብ ቢሮ ሲገባ «ያንተ የጠፋው ንብረት ጉዳይ ገና አልተጣራም» አሉት። የተመዘገበችው ሥራ ከጀመረች ሁለት ዓመት ያልሞላት ባልደረባው ከድጃ ነበረች። ይህም አልበቃ ብሎ፣ ከቢሮው ሰው ሞተር የሚችለው እሱ ብቻ ስለሆነ፣ እስከ ሥልጠናው ቀን እንዲያለማምዳት ታዘዘ።

«ሚስትህን ዳርና ሚዜ ሁን ያሉኝ ያህል ነው» አለኝ።

ነጋዴው ስዩም እሑድ እሑድ የራሱን ሞተር ሊያውሳቸው ፈቀደ። ደልዳላ ቦታ ሆኖ የተገኘው ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው የሼህ ሙሐመድዘይን አውድማ ነው። የመውቂያው ወቅት ካለፈ ቆይቷል። ሽማግሌው እሺ አሉ፤ ግን ከዘራቸውን ወደ ግራ አዙረው አንድ ነገር አስጠነቀቁ።

«በሬዎቼ በሚዞሩበት ዙሩ። አውድማ ተገልብጦ አይዞርም፤ በረካው ይሄዳል።»

«ባዶ እኮ ነው ሼህ» አለች ከድጃ።

«ዘንድሮ ለምን ባዶ እንደሆነ አላህ ያውቃል። እናንተ ደግሞ ባዶውን አትገልብጡብኝ።»

ፈንታው መናገር የነበረበት ያኔ ነው። የወልድያው ፈተና በስምንት ቁጥር ቅርጽ መንዳት መሆኑን ያውቃል፤ ግማሹ ወደ ግራ፣ ግማሹ ወደ ቀኝ ነው። ሌላ ሜዳ መፈለግም ይችል ነበር። እሱ ግን «እንዳሉት ይሁን ሼህ» ብሎ ሞተሩን አስነሳ።

ከድጃ ቶሎ ገባት። ፍሪሲዮን አለቃቀቁ እሱን ወራት የፈጀበት ነገር ነበር፤ እሷ በሁለተኛው እሑድ ሞተሩ ሳይዘል ማርሽ ቀየረች። ሻሿን አጥብቃ አስራ፣ ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ ስትዞር፣ ፈንታው የአውድማው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጥፋት ይፈልግባት ነበር። መንገድ ዳር የቆሙ የውርጌሳ ሴቶች «እንግዲህ ከብታችን ሲታመም አንቺው ነሽ የምትደርሽልን!» ሲሏት ሰማ። ዘጠኝ ዓመት የደረሰላቸው ሰው እዚያው ተቀምጧል፤ ዘወር ብሎ ያየው የለም።

«ጋሼ ፈንታው፣ ወደ ቀኝስ መቼ ነው?» አለችው በሦስተኛው እሑድ።

«ግራውን የቻለ ቀኙን አያጣውም።»

ሌላውን ሁሉ ግን አሟላላት። ሽፍን ጫማ እንድታደርግ ነገራት፤ ከስዩም የራስ ቆብ ተዋሰላት፤ የራሱን የቆዳ ጓንት ሳይቀር ሰጣት። ማንም «አልረዳትም» እንዳይለው ነበር።

በሥልጠናው ቀን ጠዋት አብረው ሚኒባስ ተሳፈሩ። እሷ «ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ነዳጅ» እያለች ታነበንባለች። ሲሪንቃ ሲደርሱ ከመንገዱ ዳር የተቃጠለ የጭነት መኪና ቆሞ አዩ። ፈንታው ኪሱ ውስጥ ቁልፉን ጨብጦ ወልድያ ገባ።

ሜዳው ላይ ስምንት ቁጥሩ በኖራ ተሠምሯል። ሠልጣኞቹ አሥራ አንድ ናቸው፤ ሴት እሷ ብቻ ናት።

«እህቴ፣ ይኸ ወተት አይሰጥም!» አላት አንዱ፣ የከብት ሐኪም መሆኗን ሰምቶ።

«አይዞህ፣ የሚራገጥም አክሜያለሁ!» አለች። ሜዳው ሳቀ።

ተራዋ ሲደርስ የግራውን ክብ እንደ ውኃ ፈሰሰችበት። መሻገሪያው ላይ ወደ ቀኝ መታጠፍ ሲገባት ግን ሞተሩ ቀጥ ብሎ ሄደ፤ እግሯን ስትጥል ከነሞተሩ ጎኗ ላይ ወደቀች።

«ደስ አለኝ» አለኝ ፈንታው። «አልዋሽህም። አንዲት ትንፋሽ ያህል ደስ አለኝ።»

አሠልጣኙ ታደሰ ሞተሩን እያነሳ «ማነው ያስተማረሽ?» ሲል ጠየቃት።

ከድጃ የፈንታውን ጓንት ከአቧራው አራገፈች። «ጋሼ ፈንታው ነው። እሱ በደንብ አሳይቶኛል፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ፈንታው ከሰዎቹ መሀል ወጣ። «ወደ ቀኝ አላስተማርኳትም» አለ። «እያወቅሁ ነው።»

ታደሰ ትንሽ አየውና ሳቀ። «አስተማሪ ማለት እንዲህ ነው! የተማሪውን ጥፋት ራሱ ላይ የሚጭን! በል፣ እስከ ከሰዓት ጊዜ ሰጥቻታለሁ።» ሰዉም ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ያልሳቀችው ከድጃ ብቻ ነበረች።

ሌሎቹ ምሳ ሲሄዱ ሁለቱ ሜዳው ላይ ቀሩ።

«እውነትህን ነው?»

«እውነቴን ነው።»

«ምን አድርጌህ?»

ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ አሳያት። ምን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋትም።

«እኔ ነኝ የወሰድኩብህ?»

«አይደለሽም።»

«እንግዲያው ተነሳ፣ ሰዓቱ ሄዷል። ቀኙን አሳየኝ።»

አሳያት። «ጎማውን አትይ፤ መውጫሽን እይ። ዓይንሽ ይቅደም» እያለ፣ ላቡ እስኪንጠባጠብ ከጎኗ ሮጠ። ከሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ እግሯ መሬት ነካ እንጂ አለፈች። ሞተሩንም ተረከበች። ወደ መርሳ ሲመለሱ ፈንታው ከኋላዋ ተቀመጠ፤ በየቀኝ መታጠፊያው ከእሷ ቀድሞ ሰውነቱ ያዘነብል ነበር።

ይህን የነገረኝ ከወራት በኋላ፣ መርሳ መንገድ ዳር ተቀምጠን ነው። ቁልፉ አሁንም ኪሱ ውስጥ ነበር፤ ሲያወራ በጣቱ ያገላብጠዋል።

«ቅናቱስ ለቀቀህ?» አልኩት።

«የት ሄዶ?»

ከውርጌሳ በኩል የሞተር ድምፅ መጣ። ፈንታው እጁን አንስቶ ዝም አሰኘኝ።

«ስማ፣ ይኸው ወደ ቀኝ ልትታጠፍ ነው። ነዳጅ ቀነሰች። እዚያ ላይ መቀነስ የለባትም፣ ሞተሩ ይከብድባታል።»

«ነግረሃታል?»

ድምፁ ከመታጠፊያው ወጥቶ እስኪቃና ድረስ ማዳመጡን ቀጠለ።

«ነገ እነግራታለሁ» አለ።