ቀኝ ክንዴን እንደገና የተማርኩበት ዓመት

እብጠቱን ያገኘሁት ገላዬን ስታጠብ ነው። ጣሊያን ከመግባቱ ሁለት ዓመት ገደማ በፊት ነበር። ያን ጊዜ ከሶዶ ወደ ተበላ በሚወርደው መንገድ ዳር፣ ባሌ፣ ሦስት ልጆቼ፣ አማቴና እኔ አንድ ጎጆ ውስጥ እንኖር ነበር። ወንዝ ዳር ጎንበስ ብዬ ገላዬ ላይ ውሃ ሳፈስ፣ እጄ ቀኝ ጡቴ ጎን ላይ ጠጣር ነገር ነካ። ባቄላ ያህላል። አላመመኝም። የገረመኝም አለማመሙ ነበር፤ እስከዚያ ቀን ድረስ አካሌ ላይ የበቀለ ነገር ሁሉ እያመመኝ ነው የበቀለው።

ለማንም አልተናገርኩም። በየቀኑ እየነካሁ ብቻዬን መረመርኩት። ይንቀሳቀሳል? አይንቀሳቀስም። ሲበርደኝ ያንሳል? አያንስም። በሁለተኛው ወር በላዩ ያለው ቆዳ፣ ከውስጥ ክር እንደሳበው ሁሉ ወደ ውስጥ ጎደጎደ። ያን ጊዜ ለአማቴ ነገርኳት። እሷም በሰፈራችን መድኃኒት የሚያውቁ አንዲት አሮጊት ጠራች። አሮጊቷ ዳበሱኝና በጋለ ብረት ይተኮስ አሉ።

እኔ ጠያቂ ሆኜ ነው የተወለድኩት። «ከተተኮሰ በኋላ እብጠቱ ወዴት ይሄዳል?» አልኳቸው።

ይጠፋል አሉ። ወዴት እንደሚጠፋ ግን ሊነግሩኝ አልቻሉም። ከብት ሲተኮስ አይቻለሁ፤ ቆዳው ይጠበሳል፣ ከሥሩ ያለው እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ባሌን ሶዶ ወዳሉት ፈረንጅ ሐኪም እንዲወስደኝ ለመንኩት። አማቴ ተቆጣች፤ እዚያ የገባ ሰው ተቆራርጦ ነው የሚወጣው ትል ነበር። ባሌ አንድ ቀን ሙሉ አሰበና፣ በማግስቱ ጋቢውን ለብሶ በር ላይ ጠበቀኝ።

ሐኪሙ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። አማርኛ ትንሽ ይሞክራሉ፣ ወላይትኛ ግን አያውቁም፤ እኔ ደግሞ ያን ጊዜ አማርኛዬ የገበያ አማርኛ ነበር። በመካከላችን አንድ አስተርጓሚ ቆመ። ሐኪሙ እጄን አንሺ፣ አውርጂ፣ ወገብሽን ያዢ አሉኝ። እኔ እብጠቱን እየቆነጠጥኩ ነበር የምፈልገው፤ እሳቸው ግን በጣቶቻቸው ሆድ፣ ዝርግ አድርገው፣ ሊጥ እንደሚዳምጥ ሰው እያዞሩ ነበር የዳበሱኝ። ይህን ልብ አልኩ። ከዚያ ብብቴን ዳበሱና ለአስተርጓሚው ብዙ ተናገሩ።

«ነቀርሳ ነው ይላሉ» አለኝ። «ጡቱ ከሥሩ ካለው ሥጋ ጋር መውጣት አለበት። ካልወጣ ይገድልሻል።»

«ከወጣስ?»

አስተርጓሚው ጠየቃቸው። ሐኪሙ አንድ ቃል ብቻ መለሱ።

«አላውቅም ይላሉ።»

ያመንኳቸው በዚያች መልስ ነው። እስከዚያ ድረስ የጠየቅኩት ሰው ሁሉ ሁሉንም ያውቅ ነበር።

ጠረጴዛ ላይ አስተኝተው ሽታው ጉሮሮ በሚይዝ መድኃኒት የተነከረ ጨርቅ አፍንጫዬ ላይ አደረጉና ቁጠሪ አሉኝ። በቋንቋዬ «ኢሲ፣ ናኡ፣ ሄዙ» አልኩ፤ አራት ላይ አልደረስኩም። ስነቃ ደረቴ በሰፊ ጨርቅ ተጠምጥሟል፣ ክንዴ ከጎኔ ታስሯል። ከሁሉ በፊት ያሰብኩት የወጣውን ስለማየት ነው። አስተርጓሚውን ጠየቅኩት። ይህ አይጠየቅም ብሎ አልተረጉምም አለኝ። ሐኪሙ በአጠገቤ ሲያልፉ ግን በገበያ አማርኛዬ ራሴ ተናገርኩ።

«ጡቴን አሳየኝ።»

ቆሙ። ካስተዋሉኝ በኋላ ሄደው አንድ የብረት ሳህን ይዘው መጡ። ጨርቁን ገልጠው እብጠቱን በትንሽ ቢላ ለሁለት ከፈሉት። ጠጣርና ነጭ ነበር፤ ቢላው ሲያልፍበት ጥሬ ጎደሬ ውስጥ አሸዋ ያለ ያህል ተንኮሻኮሸ። ዳር ዳሩ ቀጫጭን ሥር አውጥቶ ወደ ደህናው ሥጋ ገብቷል። ያን ሥር ሳይ የጋለ ብረት ለምን እንደማይደርስበት ገባኝ። አስተርጓሚው ፊቱን አዙሮ ነበር። እኔ ግን አልፈራሁም፤ ለወራት በጨለማ ስዳብሰው የኖርኩትን ነገር በብርሃን አየሁት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ወደ ቤቴ ስመለስ ሌላ ኑሮ ጠበቀኝ። አማቴ ጠዋት ጠዋት ቡላ በቅቤ አገንፍታ ታበላኛለች፣ ከዚያ እንደ አራስ ተኚ ትለኛለች። ሐኪሙ ደግሞ ክንዱ ከታሰረ እንደታሰረ ይቀራል፣ በየቀኑ ግድግዳው ሥር ቆመሽ ጣቶችሽን እንደ ሸረሪት ወደ ላይ አውጪ ብለውኛል። መጀመሪያ ቀን ጣቶቼ እስከ ጡቴ ቦታ ድረስ ወጥተው ቆሙ። ብብቴ የጠበበ ልብስ ይመስል ያዘኝ። የደረስኩበትን በከሰል አሰመርኩ። በማግስቱ ከመስመሩ አንድ ጣት አለፍኩ። ትልቋ ልጄ ጨዋታ መሰላትና ከጎኔ ቆማ የራሷን መስመር ታሰምር ጀመር።

አንዳንድ ቀን መስመሩ ወደ ታች ይመለስ ነበር። ለምን እንደሆነ ለማወቅ የቀኑን ሥራዬን በአእምሮዬ ያዝኩ። ብርድ አልነበረም፣ ምግብም አልነበረም። ውሃ በተሸከምኩ ቀን ነበር። ከወንዝ መልስ እጄ ያብጣል፤ ከሠርጌ ጀምሮ ያደረግኩት የነሐስ አምባር አልገባ አለኝ። ለሐኪሙ ስነግራቸው ውሃ መሸከሙ ይቅር፣ ስትተኚም ክንድሽን ከፍ አድርጊ አሉ። በገለባ የተሞላ ከረጢት ከጎኔ አስቀመጥኩ። አምባሩን ለልጄ አደረግኩላት።

የከበደኝ እንሰት መፋቅ ነበር። ሴት ተቀምጣ በእግሯ ዘንበል ብሎ በቆመ ጣውላ ላይ የእንሰቱን ቅርፊት ትይዝና በሁለት እጇ መፋቂያውን ከላይ ወደ ታች ትጎትታለች፤ ኃይሉ ሁሉ ከትከሻና ከደረት ነው። የእኔ የደረት ሥጋ ሳህን ውስጥ ቀርቷል። የጎረቤት ሴቶች ተሰብስበው የእኔን እንሰት ፋቁልኝ፤ እኔ በር ላይ ተቀምጬ ማየቱ አሳፈረኝ። ስለዚህ ጥጣችሁን እፈትልላችኋለሁ አልኳቸው። እንዝርቱን ሳሾር ክሩን ለማስረዘም ቀኝ እጄ ወደ ላይ ይወጣል። ከአንድ ወር ፈትል በኋላ የከሰሉ መስመር ከራሴ በላይ ሆነ። እንዝርቱን ይዤ ሄጄ ለሐኪሙ አሳየኋቸው። ወንበር ስበው ተቀመጡና ስፈትል ረጅም ጊዜ ተመለከቱኝ፤ ከዚያ በኋላ ለሌሎች ሕሙማንም እንዝርት ያሲዙ ነበር።

ሌላም የቸገረኝ ነገር ነበር። ስሄድ ወደ ግራ አዘነብላለሁ፤ ወገቤን ያመኛል። ትንሽ የጨርቅ ከረጢት ሰፍቼ በጎደለው በኩል ከቀሚሴ ውስጥ አሰርኩ። በጥጥ ስሞላው ቀለለና ወደ አንገቴ ወጣ። በበቆሎ ስሞላው ከበደ፣ ስራመድም ይንሿሿል፤ ልጆቼ ሳቁብኝ። በመጨረሻ ጥጡ ያልተፈለቀቀለትን የጥጥ ፍሬ ሞከርኩ። ክብደቱ ልክ ሆነ፣ ድምፅም የለውም። በዚያ ሳምንት ቀጥ ብዬ ገበያ ወጣሁ።

ባሌ ሁለት ወር ሙሉ ወደ ደረቴ አላየም። ልብሴን ስቀይር ይወጣል። አንድ ጠዋት ከቤቱ ጀርባ ጠባሳዬን ፀሐይ እያስመታሁ ሳለ መኮትኮቻውን ይዞ ድንገት መጣ። ሊመለስ ሲል ጠራሁት።

«ማየት ትፈልጋለህ?»

«እፈራለሁ» አለኝ።

«እኔም ፈርቼ ነበር። ካየሁት በኋላ ግን ቀለለኝ።»

መኮትኮቻውን አስቀምጦ መጣ። ቁጭ ብሎ አየ። ከዚያ «ሲነኩት ይሰማሻል? ለምን እዚህ ጋ ጠቆረ? ስትተነፍሺ ይስብሻል?» እያለ ጠየቀኝ። በቤታችን ጠያቂዋ እኔ ብቻ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠባሳውን ቅቤ የሚቀባኝ እሱ ሆነ።

ወሬው ሲዛመት ሴቶች ወደ እኔ ይመጡ ጀመር። ከተበላ ገበያ የሚመለሱ፣ ከበዴሳ በኩል እህል ይዘው የሚወጡ፣ ከቤቱ ጀርባ ወስደውኝ ዳብሺን ይሉኛል። በጣቶቼ ሆድ እዳብሳለሁ። የማላውቀውን አላውቅም እላለሁ፣ ጠጣር ያገኘሁባትን ወደ ሐኪሙ አደርሳለሁ። የአንዷ መግል ነበር፤ ተከፍቶ ዳነች። የሌላዋ እንደ እኔው ነበር፤ ግን ዓመት ሙሉ ደብቃ ቆይታ፣ በብብቷ ውስጥ የዋንዛ ፍሬ የመሰለ ነገር ተደርድሮ ነበር። ሐኪሙ ዳብሰው ጋቢዋን መልሰው አለበሷት።

ጣሊያን ገብቶ ሐኪሙ ከአገር ሲወጡ ያቺ ሴት በሕይወት ነበረች። እስክትሞት ድረስ በየሳምንቱ እየሄድኩ ክንዷን በገለባ ከረጢት ከፍ አደርግላት ነበር፤ ሕመሙን አይወስደውም፣ የክንዷን እብጠት ግን ያቀልላታል። በለቅሶዋ ሦስተኛ ቀን፣ ለጋብቻ የደረሰች ልጇ እጄን ይዛ ወደ ጓሮ ወሰደችኝና እኔንም እዪኝ አለችኝ። እጇን ይዤ በራሷ ጡት ላይ አዞርኩት። ምንም የለም።

«ምንም ከሌለ ምን እየፈለግኩ ነው?» አለች እያለቀሰች።

«ደህናውን እወቂው» አልኳት። «ደህናውን ካላወቅሽ የተለወጠውን አትለዪውም።»

አፍንጫዋን በነጠላዋ ጠረገችና እጇን እንደገና ከላይ ጀመረች፤ በዚህ ጊዜ ቀስ ብላ፣ ዓይኗን ጨፍና። እኔ ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ወዳሉት ሴቶች ብቻዬን ተመለስኩ።