ጣና ከጣቴ ስር ሲሞላና ሲጎድል

ጋሽ ደመቀ ስልኬን ተቀብለው ፎቶውን አንዴ አዩትና «ይኼ ግንቦት ነው» አሉኝ። ዛሬ ጠዋት፣ ጣና ዳር።

ፎቶዎቼን የማሳይበት ድረ ገጽ መሥራት እየተማርሁ ነው። ተመልካቹ ጣቱን ሲያንሸራትት ሐይቁ ከወር ወር እንዲቀያየር ብዬ፣ ዓመቱን ሙሉ ከአንድ ቦታ ሳነሳ ከርሜያለሁ።

ታዲያ ስልክ ስቀይር ሁሉንም በአንድ ቀን በቴሌግራም ለራሴ ላክሁና የተነሱበት ቀን ጠፋ። (ቴሌግራምን ቁም ሣጥን ያላደረገ ይውቀሰኝ!)

ጋሽ ደመቀ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዓሣ ያጠመዱ ሰው ናቸው። አሥራ ሁለቱንም ፎቶ እያዩ ወር ወሩን ነገሩኝ።

«በምን አወቁ?» አልኋቸው።

«ድንጋዩን አታየውም እንዴ? ውኃው የት ደረሰ? ደንገሉስ ደርቋል ወይስ ለምልሟል?»

እዚያው ቁጭ ብዬ እሳቸው እንዳሉት ደረደርኋቸውና ጣቴን አንሸራተትሁ።

ሐይቁ ቀስ እያለ ሞላ፤ ድንጋዩን ዋጠው። ደግሞ ቀስ እያለ ጎደለና ድንጋዩ ብቅ አለ። አንዱም አልተዛነፈ። እንደገና አንሸራተትሁ።

እኔ እኮ ሳነሳ የከረምሁት ጀምበሯን ነበር። ድንጋይ መኖሩንም አላየሁ።

እስቲ ንገሩኝ፤ የገዛ ፎቷችሁን ለእናንተው ያሳያችሁ ሰው ማን ነው?