ሳህኑ መሃል ያለችው ወፍ

የገበያ ሴቶች ሸክላ ሠሪዋ ሳክኒክ በእህቷ ሳህን መሃል ወፍ የሳለችው ለክፋት ነው ይላሉ። ድሮ ሳክኒክ የወደደችውን ጨው ነጋዴ ታናሿ ሙያል አግብታዋለችና፣ ቂሟን በሳህን ተወጣች ነው ነገሩ። ሰውየውን ያየ ሁሉ እንደሚመሰክረው ግን፣ እንኳን ቂም ሊያዝበት ስሙን ለማስታወስም የሚያደክም ሰው ነው።

እውነቱ ሌላ ነው። እዚህ ሐይቁ ዳር ሰው ሲሞት ይበላበት የነበረው ሳህን መሃሉ ይበሳና ፊቱ ላይ ይደፋል፤ ትንፋሹ በዚያ ቀዳዳ ይወጣል። ስለዚህ ሸክላ ሠሪ በጠና ለታመመ ሰው ሳህን ሲሠራ ዙሪያውን አስጊጦ፣ ሥዕል እንዳይበሳ መሃሉን ባዶ ይተወዋል። በሽተኛው ለምን ብሎ አይጠይቅም። ሙያል ግን ጭቃ ሲቦካ እያየች ያደገች ናት።

ሳክኒክ ለታመመችው እህቷ የሠራችውን ሳህን ይዛ ስትገባ፣ ሙያል ምንጣፏ ላይ በክርኗ ቀና ብላ አገላበጠችው።

«መሃሉስ?»

«ቀለም አልቆብኝ ነው።»

«አንቺ ቀለም የሚያልቅብሽ እኔ ስታመም ነው? ይኼ የሬሳ ሳህን ነው። ውሰጂና ለጎረቤታችን ለእትዬ ኢክናል ስጪያት። የሷ ወሬ ግን ተጠራቅሞ የሚወጣበት ሰፋ ያለ ቀዳዳ ያስፈልገዋል።»

ሁለቱም ሳቁ። ሙያል ሳቋን ሳትጨርስ ሳል ያዛት።

«መሃሉ ላይ ወፍ አድርጊልኝ» አለች ሲለቃት። «ካላደረግሽ ቁርጤን አወቅኩ ማለት ነው።»

ሳክኒክ እምቢ ካለች ትሞቻለሽ ማለቷ ነው። ቤቷ ገብታ በአዲስ ሳህን ላይ በቀለጠ ሰም ወፍ ሳለች። በዚህ ሥራ የተሳለው ወዲያው አይታይም፤ ጥቁር ቀለም ይደፋበትና፣ እሳቱ ሰሙን ሲበላው ነው ሰም የሸፈነው ቦታ ነጣ ብሎ የሚወጣው። እሳት ደግሞ ዓመለኛ ነው፤ ስንት የለፋችበትን አበላሽቶባታል። ይቺንም አጥፋትና እሳቱ አበላሻት ብዬ ላምልጥ ስትል እሳቱን ለመነችው። የዚያን ቀን ግን ወፏ ላባዋ ሳይቀር ጥርት ብላ ወጣች። ሳክኒክ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለች ወፍ ሠርታ አታውቅም።

ሙያል የበቆሎ ገንፎዋን በዚያ ሳህን በላች። መጀመሪያ አጋምሳ፣ ኋላ ጥቂት ጉርሻ፣ ኋላ ወፏ ብቅ እስክትል ያህል ብቻ። እትዬ ኢክናል ወሬ ልታመጣ በመጣች ቁጥር «መሃሉ ባዶ አይደለም እኮ፣ ይኸው እይው» ትላት ነበር። ሙያል ዝናቡ ሳይጀምር ሞተች።

የቀብሩ ዕለት፣ ሳህን የሚበሱት ሽማግሌ አያ ቶክ ሹል ድንጋያቸውንና የእንጨት መዶሻቸውን ይዘው ተቀመጡ። ሳክኒክ መሃሉ ባዶ የሆነውን የመጀመሪያውን ሳህን ከጉያዋ አወጣች።

«አያ፣ ይኼኛውን ይብሱት። ይኼም የሷ ነው።»

«በልታበታለች?»

ትዋሽ ነበር። እትዬ ኢክናል ግን አጠገቧ ቆማ አፏን አፏን ታያለች።

«አልበላችበትም።»

«እንግዲያው የሷ አይደለም፣ ልጄ።»

ባለወፉን ሳህን ጭናቸው ላይ አመቻቹና የድንጋዩን ጫፍ የወፏ ደረት ላይ አሳረፉ። ሳክኒክ ጎንበስ ብላ አየች።

«አያ፣ ትንሽ ወደ ክንፏ ጠጋ አድርገው ቢበሱትስ?» አለች።

አያ ቶክ ድንጋዩን ሳያንቀሳቅሱ መዶሻቸውን አነሱ።