ከሰማይ እንዲታይ የተገፈፈ ቡና

ሥራ የጀመርኩበት ዕለት ዝናብ ይዘንብ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ይሁን እንጂ አለቃዬ ወይዘሮ ሙሉነሽ ፀሐይ ነበር ስለሚሉ፣ ስለ አየሩ ከመመስከር እቆጠባለሁ። የማያጠራጥረው፣ ቢሮው ሐዋሳ መናኸሪያ አጠገብ መሆኑና የአውቶቡስ ረዳቶች ጩኸት በመስኮት እየገባ ስብሰባችንን ይመራ እንደነበር ነው።

የግብርና ኢኮኖሚ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ አንድ የቡና ገበሬዎች ማኅበር በላኪነት ክፍሉ አማካሪ አድርጎ ቀጠረኝ። ወይዘሮ ሙሉነሽ የክፍሉ ኃላፊ ነበሩ። ገና ሳልቀመጥ አንድ ወፍራም የንግድ ስምምነት ከፊቴ አኖሩ።

«ዶክተር፣ ቡናችን አውሮፓ ይገባል ወይስ አይገባም? በአንድ ቃል ይንገሩን።»

እስከ ምሳ ሰዓት አነበብኩ። «ያለ ቀረጥ ይገባል» አልኳቸው።

«ጎሽ! በሩ ተከፈተ በሉኛ።»

«በሩስ ተከፍቷል። ደጃፉ ላይ ግን ሌላ ደንብ ቆሟል።»

«ይኸው! የተማረ ሰው በር በከፈተ ቁጥር ደጃፍ አያጣም።»

ደንቡ፣ ደን በተመነጠረበት መሬት ላይ የበቀለ ቡና አይገባም ይላል። ስለዚህ የእያንዳንዱ ገበሬ ማሳ በካርታ መቅረብ አለበት። ዓላማውን የሚቃወም ሰው አላጋጠመኝም፤ ዓላማውን ያነበበ ገበሬም እንዲሁ።

የካርታ ባለሙያችን ትዕግስት ትባላለች። ስልኳን ይዛ የማሳውን ዳር ትዞራለች፤ ከዚያ ኮምፒውተሩ እሷ የዞረችውን ከሳተላይት ምስል ጋር ያስተያያል። የአቶ ላሚሶን ማሳ የዞረች ጊዜ ግን ነገር ተበላሸ።

አቶ ላሚሶ ከከተማው በላይ ባለው ደጋ የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ቡናቸው ከአባታቸው በወረሷቸው ዋንዛዎች ጥላ ሥር ቀስ ብሎ ስለሚበስል፣ በቅምሻ ክፍላችን ስሙ የተጠራ ነበር። ውጤቱን ሊሰሙ ቢሮ መጡ።

«አባባ፣ ሲስተሙ ማሳዎ ደን ነው ይላል፤ ቡናዎን አልቀበልም ብሏል» አለቻቸው ትዕግስት።

«ደን? ቡናዬስ የት ገባ?»

«ከዛፎቹ ሥር ነው። ከላይ አይታይም።»

«ይኼ ከላይ የሚያየው ሰውዬ ዝቅ ማለት አይችልም?»

«ሰው አይደለም፣ አባባ።»

«እሱማ ገብቶኛል። ሰው ቢሆን ቤቴ ገብቶ ቆጮ ይበላ ነበር።»

እኔም፣ ቡናውን ለሚገዛው የአውሮፓ ድርጅት ጽፌ መልስ እስኪመጣ እንዲታገሡ ነገርኳቸው። አቶ ላሚሶ አንገታቸውን ነቀነቁ። በእርሳቸው ዘንድ ይህ ንቅነቃ «ሰምቻለሁ» ማለት እንጂ «እሺ» ማለት እንዳልሆነ የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

ደብዳቤውን ጻፍኩ። ገዢው ድርጅት ደንቡን ለሚያስፈጽመው አካል አስተላለፈው፤ ያም አካል ለሌላ አካል። ወይዘሮ ሙሉነሽ «ደብዳቤዎ ከእኛ ቡና ይልቅ አውሮፓን ዞረ» ብለው ይቀልዱብኝ ነበር።

የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ የፍቼ በዓል ደርሶ ወደሚከበርበት ወደ ጉዱማሌ አደባባይ ሄድን። አደባባዩ በሕዝብ ሞልቶ፣ አንድ የጎሳ መሪ እንደ ወጉ አገር በቀል ዛፍ እንዳይቆረጥ ይመክሩ ነበር። አቶ ላሚሶ ከሰው መሐል ወጥተው ጨበጡኝ።

«አይዴ ጫምባላላ፣ እንኳን አደረሰዎ፣ ዶክተር! ነገሩን እኮ ጨረስኩት።»

«ምኑን?»

«የአውሮፓውን። እንግዳ ከሩቅ ቆሞ ቤትህን ለማየት ሲንጠራራ፣ መጋረጃ መግለጥ የባለቤቱ ወግ ነው። ከልጆቼ ጋር ሆነን ዋንዛዎቹን ጣልንለት። አሁን ቡናዬን አንድ በአንድ ቢፈልግ ይቁጠር።»

የጎሳው መሪ ምክራቸውን ቀጥለው ነበር፤ አቶ ላሚሶ ግን ወደዚያ አይመለከቱም።

ከበዓሉ በኋላ ትዕግስት አዲሱን ምስል ከፈተች። ማሳው ቀይ ሆኗል። አቶ ላሚሶ ከኋላዋ ቆመው ነበር።

«ምን አለ?»

«ደን ተመንጥሯል ይላል» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ሽማግሌው ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ዛፉ ሳለ ደን ነህ ተባልኩ። ዛፉን ሳነሳ ደን አጠፋህ ተባልኩ። እንግዲህ ልክ የነበርኩት መቼ ነው?»

ወይዘሮ ሙሉነሽ አሰቡ። «በመካከል ይመስለኛል፣ አባባ።»

«በመካከልማ እየቆረጥኩ ነበር!»

ሁላችንም ሳቅን፤ እርሳቸውም ሳቁ። ቀድመው ሳቃቸውን ያቆሙትም እርሳቸው ናቸው።

የአውሮፓ መልስ የደረሰው ከዚህ በኋላ ነው። በጣም ትሁት ደብዳቤ ነበር። የጥላ ዛፍ ያለበት የቡና ማሳ እንደ ደን እንደማይቆጠር፣ አቶ ላሚሶም ከመጀመሪያው አንዳች ችግር እንዳልነበረባቸው ይገልጻል። በአዲሱ ምስል ላይ የታየው ለውጥ እስኪጣራ ድረስ ግን ቡናቸው አይጫንም ይላል። ከአክብሮት ጋር።

የዚያ ዓመት ምርታቸው ካርታ በማይጠይቀው በአገር ውስጥ ገበያ ተሸጠ፤ ከማንም ቡና ጋርም ተደባለቀ። በተከታዩ በጋ ማሳቸውን ሄጄ አየሁት። ጥላ ያጣው ቡና ቅጠሉ ቢጫ ሆኗል። አቶ ላሚሶ በጉቶዎቹ መካከል የዋንዛ ችግኝ ይተክሉ ነበር።

«ይኼ ጥላ እስኪሆን እኔ የለሁም» አሉኝ። «ሲያድግ ደግሞ ደን ነው እንዳይሉት ለልጆቻችሁ ንገሩልኝ።»

ደንብ አስረዳለሁ ብላችሁ ገጠር የምትወጡ ባልደረቦቼ፣ ከሥራ ዘመኔ የተረፈኝ ይህ ነው፤ ገበሬው አንገቱን ሲነቀንቅ አትመለሱ። ነገ ጠዋት በማሳው ላይ ምን ሊያደርግ እንዳሰበ ጠይቁት።