የታጠፈው ከመነዳሪ

የልጅ ልጆቼ «አክስታችን እንዴት እንደሞተች ንገሪን» ብለው ያዙኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ የምለውን ታላቅየዋ ትጽፈዋለች። ነገሩ የሆነው ጦርነቱ ወደ አምባሰል በመጣበት ዓመት ነው። እስካሁን ከልቤ ያልወጣው፣ ልጄን የገደልኳት እኔ ነኝ ብዬ ስለኖርኩ ነው።

ሰዓዳ የመጨረሻ ልጄ ናት። ከውጫሌ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነበረች። ቤት ለቤት እየዞረች ሕጻን ታስከትባለች፣ ነፍሰ ጡር ታያለች። መንደሮቹ ይራራቃሉ። ማታ ማታ እግሯን ስታሽ እያየሁ አንድ ቀን «ሳይክል ቢኖርሽስ?» አልኳት። ሳቀችብኝ።

እኔ ደግሞ እግሬ አንድ ቦታ አያርፍም። በርበሬና ጨው ይዤ ዛሬ ውጫሌ፣ ነገ ሐይቅ፣ ሲያሻኝ አርዲቦ ዳር ድረስ እዞራለሁ። አዲስ ሳይክል የምንገዛበት አቅም አልነበረንም። ሐይቅ ከተማ አንድ ጠጋኝ ደጅ የተጣለ የሳይክል አጥንት አየሁና በበርበሬ ለወጥኩት። ከዚያ ወዲያ በየገበያው ዕቃ መልቀም ሥራዬ ሆነ። ፔዳሉ ከአንዱ ገበያ፣ ካቴናው ከሌላው ተገኘ። የፍሬኑ ላስቲክ አልቆ ስለነበር ከሟች ባሌ በረባሶ ላይ ቆርጠን አስገባንለት። የተቀደደው መቀመጫ ላይ የበግ ቆዳ ሰፋሁበት። ካቴናው እንዲለሰልስ ብዬ ቅቤ ቀባሁት። ለካ ቅቤ አቧራ ይሰበስባል፣ ድመትም ይጠራል! ሰዓዳ በናፍጣ ስታጥበው ዋለች፤ «እማዬ፣ በሚቀጥለው በርበሬም ጨምሪበት» እያለች።

መጀመሪያ የነዳች ቀን ገበያው ሁሉ ቆሞ አየ። አንዱ ጎልማሳ «እታለም፣ መንጃ ፈቃድሽን አሳይን!» ብሎ ጮኸ።

«የልጅህን የክትባት ካርድ አምጣና አሳይሃለሁ» አለችው።

የቀረን የኋላ ጎማው ከመነዳሪ ነበር፤ አየሩን የሚይዘው የውስጡ ማለቴ ነው። የድሮው ተጠጋግኖ ተጠጋግኖ መጣፊያ ቦታ አጥቷል። ቁጥር ስለማላነብ የጎማውን ዙሪያ በክር ለካሁና ክሩን ቋጥሬ ሐይቅ ገበያ ወረድኩ። ያገለገለ፣ ግን ደህና የሆነ አገኘሁ። በክሬ ልክ ገዛሁ። ውጫሌ ያለው ጎሚስታ ከድር ላስገባው ሲል ትልቅ ሆነበት። ለካ የለካሁት ጎማውን በላዩ በኩል ኖሯል።

«እትዬ ፋጡማ፣ ይሄ እኮ ለአህያ ጋሪ ነው» ብሎ ሳቀ። ከዚያ የተረፈውን አጥፎ አስገባው። «ለጊዜው ያስኬዳል። ግን እጥፋቱ እየተፋተገ ይሳሳና አንድ ቀን መንገድ ላይ ይፈነዳባታል። ቶሎ ለውጡት።»

እለውጠዋለሁ አልኩ። በሚቀጥለው ገበያ ግን በእጄ የነበረው ለጨው ብቻ በቃ። ከዚያ የጦርነቱ ወሬ መጣና ገበያው ተበተነ።

ያን ቀን ጠዋት የከባድ መሣሪያው ድምፅ ቀረበ። ሰው ሁሉ ልጁንና ከብቱን ይዞ ወደ ሐይቅ ተመመ። ሰዓዳ እኔንና የወንድሟን ልጆች፣ እነዚህን ዛሬ ንገሪን የሚሉኝን፣ አይሱዙ ላይ ሰቀለችን።

«ነይ እንጂ አብረን!»

«የቲቢ መድኃኒት የሚወስዱ ሁለት ሰዎች አሉብኝ። ለእነሱ ሰጥቼ በሳይክሌ እደርስባችኋለሁ።»

«ከመነዳሪው እኮ...»

«አብሽሪ እማዬ፣ ቀስ ብዬ ነው የምነዳው።»

ሐይቅ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ተጠለልን። መሸ፣ ነጋ። በሁለተኛው ቀን ጎረቤታችን አያ ይመር ልጁን አዝሎ ደረሰ። ፊቴን ማየት አቃተው።

«ሳይክሏን መንገድ ዳር ወድቆ አይቻለሁ» አለኝ። «የኋላ ጎማው ተንፍሶ በቸርኬው ቀርቷል። እሷን አላየኋትም። ተኩስ ነበር፣ አልቆምኩም። አፉ በይኝ።»

መንገዱ ሲከፈት ሄድን። የአካባቢው ገበሬዎች ማሳ ዳር ቀብረዋታል። ፍንጣሪ ነው ያገኛት አሉን። ሳይክሉ ግን የለም፤ ማን እንደወሰደው አልታወቀም።

ከዚያ ወዲያ «የአላህ ውሳኔ ነው፣ ሰብር አድርጊ» ቢሉኝ ጆሮዬ አይገባም። ፈንድቶባታል፤ ሌላው ሲያልፍ ልጄ በእግሯ ቀርታለች። ሱጁድ ስወርድ እንኳ ያ የታጠፈ ከመነዳሪ ይመጣብኛል። ለማንም አልተናገርኩም። በደረስኩበት ገበያ ሁሉ ግን «በዚያ ቀን፣ በዚያ መንገድ፣ ሳይክል የያዘች ልጅ ያየ አለ?» እያልኩ እጠይቅ ነበር። ዓመታት ጠየቅሁ።

ዘንድሮ አርዲቦ አጠገብ ያለ ገበያ ውስጥ አንዲት ሽንኩርት ሻጭ ጥያቄዬን ስትሰማ ሚዛኗን አስቀመጠች።

«የጤና ቦርሳ ያነገተች?» አለችኝ።

«አዎ።»

ቀሚሷን ገለጥ አድርጋ ባቷን አሳየችኝ። ሥጋው ጎድጉዶ ድኗል። «እኔን ያተረፈችኝ እሷ ናት» አለች። ያን ቀን ፍንጣሪ መቷት መንገድ ዳር ወድቃ ነበር። ሰው በላይዋ እየዘለለ ይሮጣል። ሰዓዳ ናት አጠገቧ የተንበረከከችው። በሻሽ ብታስረው ደሙ አልቆም አለ።

«ጎማው ፈንድቶባት ነበር?» አልኳት።

«ኧረ የለም! ጎማው ጠጥሮ ድንጋይ መስሎ ነበር። ራሷ ናት ያስተነፈሰችው። ጎማውን ፈልቅቃ ከመነዳሪውን አወጣች፣ በመቀስ ቆርጣ እግሬን አሰረችበት። ደሙ ቆመ። ብብቴን ይዛ ወደ ቦዩ ስትጎትተኝ ነው ሌላው መድፍ የወደቀው። እኔ ቦዩ ውስጥ ነበርኩ፤ እሷ ከላይ።»

እዚያው ሽንኩርቱ መሐል ተቀመጥኩ። ደስ ይበለኝ ወይስ ላልቅስ፣ እስከዛሬም አላወቅሁትም። ጥፋቱ የእኔ በነበረ ጊዜ የምቆጣበት ሰው ነበረኝ። አሁን የቀረኝ ናፍቆቷ ነው፤ እሱ ደግሞ ይብሳል።

ሴትየዋ አጠገቤ ተቀምጣ እጄን ያዘች። ከዚያ፣ ልትነግረኝ የፈራችውን ነገረችኝ።

«እማማ፣ መጀመሪያ አልፋኝ ሄዳ ነበር። ቁልቁለቱን ወርዳ፣ ከዓይኔ ተሰውራ ነበር። ስጮህ ሰማችኝ መሰለኝ፣ ሳይክሉን አዙራ ዳገቱን እየነዳች ተመልሳ መጣች።»