ሆራ የጠጣችው መኪና

መኪና ሆራ ያጠጣሁት እኔ ነኝ። ከእኔ በፊት በአርሲ ምድር እንዲህ ያለ ሞኝ አልተነሳም፤ ከእኔ በኋላም ይነሳል ብዬ አልሰጋም። ዛሬ ጥርሴ አልቆ ምርኩዝ ይዤ ሳወራው ሰው ይስቃል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። የዚያን ቀን፣ ነገሩ በተገለጠባት ቅጽበት ግን፣ ከአንድ ሰው በቀር የሳቀ አልነበረም።

ሆራ ለማያውቀው፣ ቆላው ጥግ የሚፈልቅ ጨው ጨው የሚል የምንጭ ውሃ ነው። የደጋው ከብት በየጊዜው እየተነዳ ወርዶ ይጠጣዋል። ሆራ የጠጣች ላም ጠጉሯ ያብረቀርቃል፣ ወተቷ ይበረክታል፣ ዳገት ስትወጣ አታለከልክም። ልጅ እያለሁ ከፊደል ቀድሞ የገባኝ እውቀት ይሄ ነበር። ታዲያ ዳገት ላይ የምታለከልክ መኪና ብትሰጡኝ ምን እንዳደርግ ነበር የምትጠብቁት?

መኪናዋ የአባቴ እህት የእትዬ ጥሩነሽ ነበረች። እትዬ ልጅ ስላልነበራት እኔን ወስዳ ነው ያሳደገችኝ። ከአሰላ በላይ፣ ችላሎ ግርጌ፣ ከባሏ ጋር ያቀናችው የከብት እርባታ ነበራት። ጠዋት ጠዋት ሣሩ ውርጭ ለብሶ ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል፤ ረፋድ ላይ ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ ጨፌው በሙሉ ይተናል። ባሏ ጋሽ ኃይሌ፣ ጣሊያን አገራችንን ለቅቆ ሲወጣ ያቺን መኪና ከአንድ ነጭ ላይ በሁለት ፈረስ ለወጣት። ያኔም ቢሆን አሮጊት ነበረች አሉ። ከሁለት መብራቷ አንዱ ጠፍቶ አንዱ ብቻ ግንባሯ ላይ ስለሚያበራ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ምልክት እንዳለው ፈረስ «ቦራ» ብለው ስም አወጡላት። ጋሽ ኃይሌ ጨፌው ላይ መንዳት ተማረ፣ ቀጥሎም ሚስቱን አስተማረ። ያኔ በአገራችን በቅሎ ላይ በፈረንጅ ኮርቻ የተቀመጠች ሴት እንኳ ለሳምንት ወሬ ትበቃ ነበር።

ጋሽ ኃይሌ ሞተ። እትዬ ጥቁር ለበሰች፣ ጠጉሯን ተላጨች፤ አርባው ካለፈ በኋላ በመጀመሪያው እሁድ ግን ከቤተ ክርስቲያን መልስ በጥቁር ቀሚሷ መሪው ላይ ተቀመጠች። እኔ ከፊት የብረቱን እጀታ፣ ማኖቬላውን፣ እስኪያልበኝ አሽከረከርኩ። ቦራ አስነጠሰች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ነቃች። ከኋላ ወንበሯ ሥር እንቁላል የምትጥል ዶሮ እየጮኸች በመስኮት ወጣች። ከዚያ ወዲያ እሁድ በመጣ ቁጥር ጨፌውን እንዞረው ነበር። ያ ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ፤ የቤንዚን፣ የረጠበ ሣር፣ አይጥ የበላው የቆዳ ወንበር። ጥጆች ጭራቸውን ቀስረው ይከተሉናል። የከብቱ ኃላፊ ኦቦ ሁሴን፣ ፈረስ ላይ የተወለዱ የሚመስሉ የአርሲ ሰው፣ ጋማውን ይዘው ይሽቀዳደሙናል። ሁልጊዜም ይቀድሙናል። ቀድመውን ሲመለሱ «ይሄ ብረት ሣር አይበላም፣ ግልገል አይወልድም፣ ምን ሊሆናችሁ ነው?» ይላሉ። እትዬ ከት ብላ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ብቻ ነበር።

ይቺን ሳቅ ነበር ደምሴ ሊነጥቃት የመጣው። ደምሴ የጋሽ ኃይሌ ታናሽ ወንድም ነው። ፊት ለፊት አንቱ እለው ነበር፤ በልቤ ግን አንድም ቀን ብዬው አላውቅም፣ በስተርጅናም አልጀምርም። የመኪናዋን ሞተር ሁሩታ ላለ ባለወፍጮ ሊሰጥ ቃል ገብቶ ኖሯል። ሲመጣ በርጩማ ላይ ተቀመጠና፣ የማትሄድ መኪና ለመበለት ምን ታደርግላታለች፣ ጨፌ ላይ መዞር መሄድ ነው እንዴ፣ ደግሞስ የወንድሜ ንብረት አይደለችም ወይ አለ። እትዬ እምቢ ስትለው ሳቀና ያቺን አሮጌ ተረት መዘዘ፤ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ!»

«ወንዱ አንተ ከሆንክማ» አለችው፣ «ማለቁ ቀርቶ ገና አልተጀመረም።»

ነገሩ ሽማግሌ ዘንድ ደረሰ። ሽማግሌዎቹ በባላምባራስ ዘውዴ መሪነት ተቀምጠው መከሩና፣ መኪናዋ ትሄድ እንደሆነ ትታይ ብለው ፈረዱ። በገበያ ቀን፣ በሬም ፈረስም ሳይጎትታት፣ ሰውም ሳይገፋት፣ በራሷ ጉልበት ከእርባታው አሰላ ገበያ ዳር ካለው ዝግባ ሥር ከደረሰች የጥሩነሽ ትሁን፤ ካልደረሰች ደምሴ ይውሰዳት።  ማታ እትዬ ላም እያለበች ለእኔ ይሁን ለላሟ ሳይታወቅ፣ «ዛሬ መኪናዋን፣ ነገ ጨፌውን፣ ከነገ ወዲያ እኔን ከቤቴ» ስትል ሰማኋት። ያኔ ነው ራሴን የጦር አዝማች አድርጌ የሾምኩት።

መቼም አዝማች ያለ ጭፍራ አይሆንም፤ የኦቦ ሁሴንን ልጅ ዘይነባን አማከርኩ። በዕድሜ እኩያዬ ናት፣ በአንደበት ግን አያቴ ልትሆን ትችላለች። ቦራ ዳገት ላይ እንደምታለከልክ ሁለታችንም እናውቃለን። መድኃኒቱንም ሁለታችንም እናውቃለን። ዘይነባ የአባቷ ከብቶች ሆራ ሲወርዱ አብራ ወርዳ በአህያ ጭና እንድታመጣልኝ ተስማማን። «ምን ትከፍለኛለህ?» አለችኝ። ከቦራ ነገር ሁሉ ዘይነባ የምትመኘው አንድ ነበር፤ በጎን በኩል የታሰረው፣ የጎማ ኳሱ ሲጨበጥ እንደ ዝይ የሚጮኸው ጡሩምባ። እትዬ ከእኔ በቀር ማንንም አታስነካም። «ቦራ ከዳነች፣ እስኪበቃሽ ትጨብጪዋለሽ» አልኳት። «እስኪበቃኝ?» «እስኪበቃሽ።» እጅ ለእጅ ተመታታን።

የመኪናዋን ውሃ ውርጭ እንዳያረጋውና ብረቷን እንዳይሰነጥቀው ማታ ማታ እናፈሰዋለን፤ ጠዋት መሙላት የእኔ ሥራ ነው። የዚያን ዕለት ጠዋት የሞላሁትን እናንተም ታውቃላችሁ። ቀምሼም አየሁት፤ ጥሩ ሆራ ነበር።

ወጣን። እትዬ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሥራ መሪውን ጨብጣለች። እኔ አጠገቧ እንደ ሚኒስትር ደረቴን ነፍቼ ተቀምጫለሁ። ኦቦ ሁሴን በፈረስ፣ ዘይነባ በአህያዋ ይከተሉናል። ቁልቁለቱን ቦራ እንደ ኮርማ እያጓራች ወረደች፣ ጅረቱን ተሻገረች፣ ወደ ከተማው የሚያወጣውን የመጨረሻ ዳገት ተያያዘችው። ጥቂት እንደወጣች ከኮፈኑ ሥር አንድ ነገር ተንጣጣ። ከዚያ ክዳኑ ተስፈንጥሮ ነጭ አረፋ ወደ ሰማይ ተተኮሰ። እንደ ተቆጣች ግመል አረፋ ደፍቃ ቀጥ አለች። አንድ ጠብታ እትዬ ከንፈር ላይ አረፈ። ላሰችው። ፊቷን ወደ እኔ አዞረች።

«ተሼ።»

«አቤት እትዬ።»

«ምንድነው ያጠጣሃት?»

«ሆራ።»

ኦቦ ሁሴን ከፈረሱ ሊወድቁ ምንም አልቀራቸው። ያ የሳቀው አንድ ሰው እሳቸው ናቸው። እንባቸውን እየጠረጉ «አዴ ጥሩነሽ፣ ልጁን አትቆጪ። እሱ ልክ ነው፣ ጥፋቱ የመኪናዋ ነው። ላም ብትሆን ኖሮ እስካሁን ገበያ ደርሳለች!» አሉ። እትዬ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። ክዳኑን ፈልጌ እንዳመጣ፣ ዘይነባም ከጅረቱ በቅል ውሃ እንድታመላልስ አዘዘች። ኦቦ ሁሴን፣ ጎተታት ተብሎ እንዳይወራ፣ ፈረሳቸውን አርቀው አሰሩት።

ቦራ ስትቀዘቅዝና ስትታጠብ ጊዜው ሄደ። ወሬው ገበያ ደርሶ ሰው ዳገቱ አናት ላይ ተደረደረ። ደምሴም መጣ፤ ከፊቱ ቀምበር የተጫነባቸው ሁለት በሬዎች ነበሩ፣ ከቀምበሩ ሰንሰለት ይንጠለጠላል። «በሬዎቼ ደክሟቸዋል ጥሩነሽ፣ ቶሎ በይ!» እያለ ከላይ ይጮሃል። ቦራ እንደገና ተነሳች። እንደገና ጥቂት ወጣችና አስላች፣ ሞተች። አሁን ሆራው የለም፤ ቤንዚኑ ነበር ያነሰው። ከወንበሩ ሥር ያለው ጥቂት ቤንዚን አፍንጫዋ ወደ ሰማይ ሲቀና ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ሞተሩ ዘንድ አይደርስም። ከላይ ሳቁ እንደ በረዶ ወረደብን። እኔ፣ ያ አዝማች፣ ማልቀስ ጀመርኩ።

እትዬ ዳገቱን አየችው፣ መኪናዋን አየቻት። ከዚያ ፍሬኑን ለቀቀችና ወደ ጅረቱ ቁልቁል ተንሸራተተች። ሰው ሁሉ የተሸነፈች መስሎት እልል አለ። ታች ስትደርስ ግን ቦራን አዞረቻት። ጀርባዋን ለዳገቱ ሰጥታ ቆመች። «ኃይሌ ነፍሱን ይማረውና፣ ቤንዚን ሲያንሰው እንዲህ ነበር የሚወጣው» አለችኝ። «ከኋላ ሆነህ ንገረኝ፤ እኔ አንገቴ አይዞርም።»

ማኖቬላውን አሽከርክሬ ሳስነሳት እትዬ የኋላ ማርሽ አስገባች። ቦራ ቂጧን ወደ ላይ አድርጋ ዳገቱን ጀመረችው። እኔ በወንበሩ ላይ ተንበርክኬ በኋላ መስኮት አጮልቄ ልመራት ሞከርኩ፤ ግን ወደ ኋላ ስንሄድ ግራ የቷ፣ ቀኝ የቷ እንደሆነ ጠፋኝ። በግራና በቀኝ ባሉት ከተሞች ስም መምራት ጀመርኩ፤ «ወደ ሁሩታ! ወደ ሁሩታ! በቃ! ትንሽ ወደ በቆጂ!» እትዬም ሳትስት ወደ ሁሩታ፣ ሳትስት ወደ በቆጂ ጠመዘዘች። ቤንዚኑ አሁን ቁልቁል ወደ ሞተሩ ስለሚፈስ ሞተሩ አልሞተም። ዘይነባ ከአህያዋ ወርዳ «በርቺ ቦራ!» እያለች ከጎን ትሮጣለች። ዳገቱ አናት ላይ በሬዎቹ ደንብረው ቀምበራቸውን ይዘው ጎመን መሸጫው ውስጥ ገቡ፣ ደምሴ ተከትሏቸው ሮጠ፣ ሰዉ ተሰነጠቀ። እኛም በጀርባችን ገበያውን አቋርጠን ዝግባው ሥር ደረስን።

ያን ጊዜ እጄ ጡሩምባውን ጨብጦት ነበር። መቼ እንደጀመርኩ አላውቅም። ደጋግሜ ጨበጥኩት፣ ዝዩ ጮኸ፣ ገበያው ጮኸ፣ እኔ ጮህኩ፣ እና ያረጀው የጎማ ኳስ እጄ ውስጥ ፈነዳ።

ደምሴ እየተንፈራገጠ ከጎመኑ ወጣ። «ይሄ መምጣት ነው? ወደ ኋላ መምጣት መምጣት ነው? ለሽማግሌ ጀርባ መስጠትስ ነውር አይደለም?» አለ። እውነትም በእኛ አገር ለትልቅ ሰው ጀርባ አይሰጥም፤ ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። እትዬ ከመኪናዋ ወረደች፣ ነጠላዋን ከወገቧ ፈትታ ለበሰችና ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች። «ባላምባራስ፣ እርስዎና ሽማግሌዎቹ ይቅር በሏት» አለች። «ጀርባዋን የሰጠችው ለደምሴ ነው።»

ባላምባራስ ዘውዴ ጢማቸውን ዳሰሱ። ከዚያ «የፈረድነው በራሷ ጉልበት ትምጣ ብለን ነው» አሉ። «ፊቷን አስቀድማ ትምጣ አላልንም። መጥታለች።»

ቤንዚን ጨምረን ስንመለስ ቦራ በፊቷ ሄደች፣ እትዬም መንገዱን ሁሉ ሳቀች። እኔ ግን ከኋላ በአህያዋ ላይ የተቀመጠችውን ልጅ ማየት አልቻልኩም። ዘይነባ የፈነዳውን የጎማ ኳስ አይታለች። ምንም አላለችም፤ ከእሷ ዝምታ የበለጠ የሚያስፈራ ነገር ደግሞ አልነበረም።

ዛሬ ያ ዳገት አስፋልት ነው። መኪና በመኪና ላይ ይወጣዋል፣ ማንም ቀና ብሎ አያይም፤ ከጎን እየሮጠ «በርቺ!» የሚልም የለም። እትዬም ኦቦ ሁሴንም አርፈዋል። ቦራ ጎማዋን ጥላ ጨፌው ዳር ቆማለች፤ ዶሮዎች አሁንም ወንበሯ ሥር ይጥላሉ፣ ምናልባት የዚያችው ዶሮ ዘሮች ይሆናሉ። ቆራሌው በየክረምቱ ማግስት ይመጣል። ልጄም «አባባ፣ ዝገት ነው፣ ስጠውና ቦታው ይጽዳ» ይለኛል። እኔም አንተ የደምሴ ዘር ነህ እንዴ ብዬ አባርረዋለሁ። የማትሄድ መኪና ምን ታደርጋለች ለሚለኝ ሁሉ፣ እኔም አልሄድም፣ እኔንም ለቆራሌው ስጡኝ እላለሁ።

ጡሩምባው ግን ቤቴ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ዘይነባ አሰላ ነው ያለችው፤ የልጅ ልጆች አድርሳለች፣ ጉልበቷን ያማታል፣ አንደበቷን ግን አላመማትም። ባገኘችኝ ቁጥር ከሰላምታ በፊት «ጡሩምባዬስ?» ትለኛለች። ጎሚስታ ዘንድ ሄጄ አዲስ ኳስ አሠርቼለት ነበር። ቤቴ ውስጥ በሩን ዘግቼ ሞከርኩት፤ ያው ዝይ ጮኸ። ጎረቤት ደነገጠ። አውልቄ ኳሱን ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት።

ባለፈው ገበያ ቀን አገኘኋት። ምርኩዟን ደረቴ ላይ ቀስራ «ስማ አንተ ሆራ፣ ዕዳዬን ሳትከፍል እንዳትሞት!» አለችኝ።

«እንዳልሞት ብዬ እኮ ነው የማልከፍልሽ» አልኳት።